ያውቁ ኖሯል? ወሎ በቴሌቪዥን መስኮት

በአገራችን ማታ ታይቶ በማግስቱ ንጉሥ ከዙፋኑ የወረደበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንዳለ ያውቁ ኖሯል?

ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማታ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው የረሃብ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ደርግ ግን ፊልሙን እንዳለ አላቀረበውም። ቆዳቸው ከአጥንታቸው የተጣበቀ ሕፃናት ከታዩ በኋላ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚወረወርላቸው ውሾች ብቅ እንዲሉ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ረሃቡ እንዲመለስ አድርጎ ቀጣጥሎታል። ጃንሆይ ራሳቸው ያን ማታ ቁጭ ብለው እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ተብሎ ይተረካል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በትንሽ ቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸባቸው።

ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ወታደሩ ማመፅ የጀመረው ከወራት በፊት ነው፤ ታክሲ ነጂውም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም የካቲት 1966 ላይ አደባባይ ወጥተው ነበር። የፊልሙ ሥራ ሌላ ነው። ለንጉሡ ገና ሆዱ የሚራራውን፣ «እሳቸውስ ምን ያድርጉ፣ ሹማምንቱ ደብቀዋቸው እንጂ» የሚለውን ሰው ዝም አሰኘው። ለዚህም ይመስለኛል ስለዚያች ምሽት የሚነሣው ክርክር ሃምሳ ዓመት አልፎትም ያልበረደው። አንዱ ወገን «እውነቱን ያየነው ያን ማታ ነው» ይላል። ሌላው «ግብዣው ሌላ ጊዜ፣ ረሃቡ ሌላ ጊዜ፤ በመቀስ የተሠራ ክስ ነው» ይላል። እኔ የምለው፦ ረሃቡ እውነት ነበር፣ መቀሱም እውነት ነበር። የወሎ ሰው ግን ሲሞት ተደብቆ፣ ሞቱ ሲገለጥ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ሁለት ጊዜ ተበደለ።

ያው ፊልም ለእንግሊዝ ተመልካች የታየው ከዚያ 11 ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ርእሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። የለንደን ሰው አይቶ አለቀሰ፣ ገንዘብ አዋጣ። የአዲስ አበባ ሰው 11 ወር ጠበቀ። ፊልሙ የተነሣባት የወሎ እናት ደግሞ ጭራሽ አላየችውም።

ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ያውቁ ኖሯል ብዬ የምደረድራቸው ነገሮች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚሁ ይመጣሉ፦ ዓለም ስለ ወሎ ሲያለቅስ፣ ሲጣላ፣ ሲዘፍን፣ ወሎ ተመልካቾቹ መሐል አልነበረም።

ለፊልሙ ምስጋና ሲቸር ፎቶግራፉ እንደሚረሳ ያውቁ ኖሯል? ዲምብልቢ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ ውስጥ ለእይታ ቀርበው ነበር። ያዩት ተማሪዎች ተቆጡ፣ ጮኹ። መንግሥት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የራሳችን ሰው የራሱን ወገን አንሥቶ ያሳየው አልሰማ ተብሎ፣ የውጭ ሰው ሲያሳየው ግን አገር ተናወጠ።

ካሜራ የሄደው በአስፋልት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በስልሳ ስድስቱም በሰባ ሰባቱም ረሃብ ዓለም በስም ያወቃቸውን ቦታዎች ይቁጠሯቸው። ኮረም ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ባቲ ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። የተራበው ሰው ወደ መንገድ ወረደ፤ እህል ጫኙ መኪናም ጋዜጠኛውም በመንገድ መጣ። እዚህ በኛ በኩል፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ያለው ደጋ፣ ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ በአንድ ወገን በአባይ በሌላው በበሽሎ ገደል የታጠረ ነው። በልግ ጠብቆ የሚያርስ ገበሬ በልግ ሲቀርበት፣ ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ደሴ ለመድረስ ቀናት የሚፈጅ የእግር መንገድ ነበረው። በርኖሱን ደርቦ ከቤቱ ወጥቶ ውርጭ ላይ የቀረውን ማን ቀረጸው? ያልተቀረጸ ረሃብ በሰው ትዝታ ውስጥ ቀላል ረሃብ ይመስላል። ደጋው ግን በሞተበት ልክ ሞቷል።

የስልሳ ስድስቱን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ «ወሎ እህል አልቆ ነው» ብሎ ማሰቡ እንዳሳሳተው ያውቁ ኖሯል? በኋላ በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ ወሎን የያዘ አንድ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ረሃብ ሰጥቷል። ያገኘው ነገር የሚያስደነግጥ ነው። ሰው እያለቀ ሳለ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ችግሩ ገበሬው የሚገዛበት ማጣቱ ነው፤ ሰብሉ ጠፍቶበታል፣ ከብቱ ወይ ሞቷል ወይ ዋጋ የለውም። ይህ ግን በካሜራ አይታይም። ካሜራ የከሳ ሕፃን ያሳያል፣ ባዶ ኪስ ማሳየት አይችልም። ተመልካች የሚያዝነውም ባየው ልክ ነው፤ ስለዚህ «ስንዴ ላኩ» አለ እንጂ «ለምን እህሉ ከወሎ ወጣ?» ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ለዘውዱ በዓል ድምቀት የተከፈተው ጣቢያ አሥር ዓመት ሳይሞላው ዘውዱ የወረደበትን ፊልም አስተላለፈ።

ምዕራብ ደቡብ ወሎ ለለንደን ተመልካች የታየው ቴሌቪዥን ከመፈጠሩ በፊት እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? በ1860 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄኔራል ናፒየር የአፄ ቴዎድሮስን አምባ መቅደላን ሲወጣ የእንግሊዝ ሥዕላዊ ጋዜጣ ሠዓሊውን ዊሊያም ሲምሰንን ልኮ ነበር። ለአሜሪካ ጋዜጣ የሚጽፈው ሄንሪ ስታንሊ ደግሞ የመቅደላን ዜና ከስዊዝ በቴሌግራም ከሁሉም ቀድሞ፣ ከእንግሊዝ ጦር መልእክት ራሱ ቀድሞ አደረሰ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዛዊው ቁርሱን እየበላ የአምባውን ሥዕል አየ። የአምባው ሰው ያየው ግን የተቃጠለ ቤቱን ነው።

መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸፍና የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሠራጨት የጀመረውም በዚያው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታና የአብዮት በዓል ሰሞን ነበር። ሰልፉ በቀለም ታየ። ወሎ ያኔ እያለቀ ነበር፤ እሱ በቀለምም በጥቁርና ነጭም አልታየም።

ከዚያ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደረሰ። የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት የጥቂት ደቂቃ ዜና ታየ። ጎሕ ሲቀድ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ፣ በአቡጀዲ የተጠቀለሉት አስከሬኖች፣ ያ ዝምታ። በዚያው ቀን አሜሪካ ውስጥ ኤንቢሲ በምሽት ዜናው አስተላለፈው። በኋላ በዓለም ዙሪያ 425 ጣቢያዎች እንዳሳዩትና 470 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተገምቷል። የዕርዳታ ድርጅቶች ስልክ አላቋረጠም። ጡረተኛው ከጡረታው፣ ሕፃኑ ከሙዳዩ አዋጣ። ስለ ሰው ልጅ ደግነት ተስፋ የሚቆርጥ ካለ ያን ሰሞን ያስታውስ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ የበላነውን ስንዴ መካድ ነውር ነው።

ግን ደግሞ ይህን ያውቁ ኖሯል? ያን ዜና ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ጓደኞቹን ሰብስቦ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ያስቀዳው ዘፈን ርእስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ትርጉም አለው። ዘፈኑ በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኝቷል፤ ነፍስ አድኗል፤ ለዚያ እግዜር ይስጥልን። የጥያቄው መልስ ግን ላሊበላ ነው። ወሎ ገናን የሚያከብረው እነሱ ከሚያስቡት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 29፣ በቤተ ማርያም ቅጥር በያሬድ ዜማ ነው። ከተራበው የወሎ ሕዝብ ብዙው ደግሞ ሙስሊም ነው፤ መውሊዱን የሚያውቅ፣ ቢርበውም ጾሙን የማይሽር። በአዘኔታ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ የተጠያቂውን ማንነት አውቆ የተጠየቀ አይደለም። እስከ ዛሬ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየታኅሣሡ ሱቅ ውስጥ ዘፈኑ ሲለቀቅ ሁለት ስሜት የሚንጣቸው ለዚህ ነው፦ አንዱ ውለታ፣ ሌላው ኀፍረት። ሁለቱም ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለረሃቡ ዕርዳታ ለማሰባሰብ በለንደን ዌምብሌይና በፊላደልፊያ የተካሄደውን የሙዚቃ ድግስ 1.9 ቢሊዮን ሰው በቴሌቪዥን እንዳየው ተገምቷል። በዚያን ቀን የታየች፣ ለሞት ተቃርባ የነበረች አንዲት የትግራይ ሕፃን ነበረች፤ ብርሃን ወልዱ። የካናዳ ጋዜጠኞች መቀሌ አካባቢ ቀርጸዋት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ሰኔ፣ አድጋ ተምራ ለንደን መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆመች። በዚያ ፊልም ከታዩት በሺሕ ከሚቆጠሩ ፊቶች ስንቱ እንዲህ ተመልሶ ራሱን አየ?

መሐመድ አሚን ራሱ ከአገራችን ጋር ያለው ዕጣ የሚገርም ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። በ1989 ዓ.ም. ኅዳር የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ሲወድቅ ሞተ።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ቴሌቪዥኑ «የቦረና ድርቅ» እያለ የከብት ሬሳ ሲያሳይ፣ ያ ቦረና በኦሮሚያ ደቡብ ያለው እንጂ መካነ ሰላም ዋና ከተማዋ የሆነችው የወሎዋ ቦረና እንዳልሆነች ያውቁ ኖሯል? ከሩቅ የሚደውል ዘመድ ብዙ ነበርና መጥቀሱ አይከፋም።

ከሐዘኑ ትንሽ እንውጣ።

አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ የልጆችን ፕሮግራም ለ42 ዓመታት አቅርበዋል። ብዙ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ብድግ ብሎ ሰላምታቸውን ይመልስ ነበር፤ የሚያዩት ይመስለው ስለነበር። ቤቱ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ የጎረቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይመልስ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሱት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ የልጅ አባት ሆነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያን ሩጫ ሁለቴ ያየ ሰው፣ ውጤቱን እያወቀ እንኳ፣ የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ከመቀመጫው ይነሣል።

ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። የመላ አገሪቱን ተመልካች ያልከፋፈለ ፕሮግራም ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው ይህን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ በቀጥታ የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ግን አገሩን ከማንኛውም ድራማ በላይ ይዘውት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሹም ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ ሲደናገጥ ማየት ለሕዝቡ አዲስ ነገር ነበር። ክርክሩ በሬዲዮም ስለተላለፈ ቴሌቪዥን የሌለው የገጠር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተሜው ጋር እኩል ተመልካች፣ ይልቁንም እኩል አድማጭ ሆነ። የላስታው ልደቱ አያሌው በአንድ ሰሞን ክርክር የአገር ስም ሆነ፤ ብርሃኑ ነጋም እንዲሁ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ወጣ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ በመጡት ምርጫዎችም ክርክር ታይቷል። ነገር ግን ሥራውን ጥሎ ሻይ ቤት የተሰበሰበ ሰው፣ ሒሳብ መክፈል የረሳ ሰው፣ ዳግመኛ በዚያ መጠን አልታየም። ተመልካች ሐሳቡ ዋጋ እንዳለው ሲሰማው እንዴት እንደሚያይና ሲነፈገው እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አያገኝም።

«ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስናቀን የተጫወተው አበበ ባልቻ ነው። ሰው አስናቀን እየጠላ አበበን ያደንቅ ነበር፤ ክፉውን እንዲያ አምኖ መጥላት ለተዋናዩ ትልቁ ሽልማት ይመስለኛል። ድራማው በሚታይበት ሰዓት መብራት የጠፋባት ከተማ ነዋሪ ንዴት ደግሞ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። በኛ ደጋ ብዙ ሰው ድራማ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ቴሌቪዥኑን፣ በሌላው ዓይኑ አምፖሉን እየጠበቀ ነው። ያለፈውን ክፍል ያየ ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ ላላየው ይተርካል፤ አንዳንዱ ተራኪ ከደራሲው ያሳምረዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን አይዶል ሲታይ የዳኛው የፈለቀ ኃይሉ «አልመጣህም» የምትል ቃል ከጣቢያው ወጥታ የሕዝብ አነጋገር ሆነች። ግማሹ ተመልካች ጭካኔ ነው አለ። ሌላው፣ ዘፈን የማይችልን ሰው ትችላለህ እያሉ ከመሸንገል ይሻላል አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተሸፈኑ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ባህል ይበርዛል፣ የኛን ሥራ ገበያ ይገድላል አሉ። ተመልካቹ ግን ዲሹን አዞረ። ባለሙያዎቹ ያነሡት ሥጋት ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። የገጠር ከተማ እናት ሙሉ ታሪክ በገዛ ቋንቋዋ፣ በየቀኑ፣ ሳይቆራረጥ ሲቀርብላት ማየት ከዚያ በፊት አልለመደችም። «ጥቁር ፍቅር» የተባለውን የቱርክ ድራማ የወደደችው ኢስታንቡልን ናፍቃ አይደለም። አማት፣ ምራት፣ ውርስ፣ ቂም፣ ይህ ሁሉ መካነ ሰላምም ሞልቷል። የኛ ደራስያን ወደ ደጋው ወጥተው ቢያዩት የሚጽፉት አያጡም ነበር፤ እስካሁንም አልረፈደም።

አሁን ደግሞ ቤተሰብ ስለሚያጣሉት።

ኅዳር 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተከታታይ የቀረበው «አኬልዳማ» በሽብር የተጠረጠሩ ሰዎችን ፍርድ ቤት ሳይወስንባቸው እንደ ጥፋተኛ በማቅረቡ አንድነት ፓርቲ ጣቢያውን እስከ መክሰስ ደርሷል። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የተላለፈው «ጂሃዳዊ ሐረካት» ደግሞ የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ችሎት ላይ እያሉ የታየ ነው። ይህን ፕሮግራም በወሎ ሳሎን ውስጥ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በቀላሉ አይገባውም። እዚህ አገር አጎት ሐጂ፣ አክስት መነኩሲት ናቸው። አንዱ የሌላውን ሠርግ ያደምቃል፤ በለቅሶ ጊዜ ድንኳኑን አብሮ ይተክላል። እንዲህ ባለ ቤት «እነሱ» የሚል ትረካ ሲገባ የሚነካው ጎረቤትን አይደለም፣ አብሮ የተቀመጠውን ዘመድ ነው። ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑን ዘጋ፤ እኔም ያን ማድረጋቸውን ትልቅ የተመልካች ምላሽ እለዋለሁ።

ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (የሜቴክ) የቀድሞ ኃላፊ ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ ሲታዩ፣ በታኅሣሥ ደግሞ በእስር ቤት የተፈጸመውን ግፍ የሚያሳየው «የፍትሕ ሰቆቃ» ሲተላለፍ፣ ብዙ ሰው እፎይ አለ፤ የተደበቀው ወጣ አለ። ሌላው ግን ጠየቀ፦ ትናንት በ«አኬልዳማ» የተቃወምነው ተጠርጣሪን በቴሌቪዥን መፍረድ ዛሬ ስለተመቸን ልክ ሆነ ወይ? የተበዳዮቹ ምስክርነት መሰማት ነበረበት፤ ጥያቄውም መጠየቅ ነበረበት። ሁለቱን በአንድነት የሚይዝ ጣቢያ ያኔ አላገኘንም።

መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢቢኤስ ላይ «አዲስ ምዕራፍ» በተባለው ፕሮግራም የቀረበው የአንዲት ወጣት የጠለፋና የመደፈር ታሪክ አገሩን በአንድ ምሽት አስለቀሰ። በቀናት ውስጥ ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ፕሮግራሙ ታገደ፣ የጣቢያው ጋዜጠኞች ታሰሩ። ትናንት ያለቀሰው ተመልካች ዛሬ በሁለት ተከፍሎ «ተታለልን» እና «ዝም አሰኟት» እያለ ተሟገተ። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በእውነት የተጠለፈች፣ ነገ ለመናገር የምታስብ የአንድ ወረዳ ልጅ ይህን ሁሉ ቤቷ ቁጭ ብላ አይታለች። እሷ ምን ብላ ይሆን ቴሌቪዥኑን የዘጋችው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ አብዛኛው አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ያየውን በስልኩ ሲተች፣ ሲያጋራ፣ ሲከራከር፣ የኛ አገር ሰው ስለ ራሱ ክልል የሚተላለፈውን ዜና አይቶ አስተያየቱን የሚነግረው ለጎኑ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንንም ግራ ቀኝ አይቶ። ዘንድሮ ዲሽ በየቤቱ አለ፣ ስለዚህ ወሎ ተመልካች ሆኗል። ተመልካች መሆን ግን ግማሽ መንገድ ነው፤ ያየውን «እንዲህ አይደለም» ወይም «ልክ ነው» ብሎ ለአገር ማሰማት ሲችል ነው ሙሉ የሚሆነው።

የመጨረሻው። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ መካነ ሰላም ነው። በስልሳ ስድስት እና በሰባ ሰባት በእግራቸው ደሴ የደረሱ፣ ከደሴም በሕይወት የተመለሱ አረጋውያን በቦረናም በሳይንትም በለጋምቦም ዛሬም አሉ፤ በዕድሜ ግን እየሄዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የዲምብልቢን ፊልም ሳይቀጣጠል እንዳለ፣ የመሐመድ አሚንንም ቀረጻ አምጥቶ በአዳራሹ ያሳያቸው። ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው፣ ካሜራውንም ወደ እነሱ ያዙር። ፊልሙ ምኑን እንዳሳየ፣ ምኑን እንዳላሳየ፣ የትኛው መንደር ባዶውን እንደቀረና ከማን ቤት ማን እንዳልተመለሰ ይናገሩ፤ ተማሪዎቹም በስም በስሙ ይመዝግቡት።